ምዕራፍ 7፦ ትንሿ ሣጥን እና አስተርጓሚዋ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ ለዕረፍት የመጣው የእህቴ ልጅ ከሻንጣው ውስጥ መዳፍ ላይ የምታርፍ ግራጫ ሣጥን አወጣ። ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኛትና መቆጣጠሪያውን እጄ ላይ አኖረው። ሱፐር ማሪዮ ተከፈተ፤ ያ ዜማ ጀመረ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ስንደርስ እኔ ገና «እዚህ ምን ነበር?» እያልኩ ሳስብ አውራ ጣቴ ቁልፉን ተጭኖ ማሪዮን አሻግሮት ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ያልነካሁት ጨዋታ ነው። ድሮ የተጫወትኩት ጎረቤት ቤት፣ ዳንቴል በለበሰ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ነበር፤ ካሴቱ እምቢ ሲል አውጥተን እፍ እንልበትና እንመልሰው ነበር።

ልጁ ፊቴን ሲያይ ቆየና፣ «አጎቴ፣ ያኔ የተጫወትከው ራሱ ነው?» አለኝ።

«ራሱ ነው» አልኩት። ማታ ግን መልሴ ከነከነኝ። ሣጥኗ ካሴት የላትም። የድሮው ማሽን ፕሮሰሰርም ውስጧ የለም። ታዲያ ጣቴ ያወቀው ምኑን ነው? ይህ ምዕራፍ ለዚያ ልጅ የሚገባውን መልስ ለመስጠት የተጻፈ ነው። መልሱ ከጨዋታ አልፎ በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን እስካለው አሮጌ ፋይል ድረስ ይወስደናል።

ሣጥኗ ከየት መጣች

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፋሚኮም የሚባለውን የቤት ጨዋታ ማሽን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ማሽኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ቅርጹ ተቀይሮ፣ ኤንኢኤስ ተብሎ አሜሪካ ገባ። በኖቬምበር 2016 ኩባንያው ያንኑ ማሽን አሳንሶ፣ 30 ጨዋታዎች በሆዱ አስይዞ፣ በ60 ዶላር ግድም መሸጥ ጀመረ። በኤፕሪል 2017 ማምረቱን ሲያቆም ወደ 2.3 ሚሊዮን የሚሆኑ ሣጥኖች ተሸጠው ነበር። በጁን 2018 ወደ ገበያ ሲመለስ ደግሞ በዚያ ወር አሜሪካ ውስጥ በቁጥር የተሸጠውን ያህል የትኛውም የዘመኑ ማሽን አልተሸጠም።

ሌሎችም ተከተሉ። በ2017 የሱፐር ኒንቴንዶ ትንሿ ሣጥን 21 ጨዋታዎች ይዛ መጣች። በ2018 የኮሞዶር 64 እና የፕሌይስቴሽን፣ በ2019 ደግሞ 42 ጨዋታዎች የያዘችው የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ወጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ጸባይ አላቸው። መልካቸው የድሮው ማሽን ነው፤ መጠናቸው ትንሽ ነው፤ ካሴትም ሆነ ሲዲ አይጎርሱም፤ ጨዋታዎቹ አስቀድመው ውስጣቸው ተጭነዋል።

ሁለት ልብስ ያለው አንድ ሰው

የኤንኢኤስን እና የሱፐር ኒንቴንዶን ትንንሽ ሣጥኖች ጎን ለጎን ፈትቶ ያየ ሰው የሚያገኘው ነገር ያስገርማል። የውስጥ ሰሌዳቸው አንድ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እነዚህ ሁለት ማሽኖች ፕሮሰሰራቸው የተለያየ፣ የአንዱን ካሴት ሌላው የማያነበው ነበሩ። ዛሬ ግን አንድ ሰው ሁለት ልብስ እየቀያየረ የሚለብስ ያህል ነው፤ የሚለየው የፕላስቲክ ሽፋኑና የተጫነው ፕሮግራም ብቻ ነው።

በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው የአቅም ልዩነትም ሰፊ ነው። የጥንቱ ኤንኢኤስ የሥራ ሜሞሪ 2 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ በተራ ጽሕፈት አንድ ገጽ የሚሞላ ነገር ማለት ነው። ትንሿ ሣጥን 256 ሜጋባይት ይዛለች፤ ከ130,000 እጥፍ በላይ ነው። ፕሮሰሰሯም በእጅ ስልክ ውስጥ ከሚገኙት ፕሮሰሰሮች ጋር ዘመድ ነው። ሱፐር ማሪዮ በሙሉ፣ ሥዕሉም ዜማውም ተደምሮ፣ 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚህ ብዙ ጊዜ ትበልጣለች።

40 ኪሎባይት የምታህለውን ጨዋታ ለማጫወት ይህን ያህል ጉልበት ለምን አስፈለገ? ጨዋታውና አዲሱ ፕሮሰሰር ቋንቋ ስለማይግባቡ ነው። በመካከላቸው አስተርጓሚ መቀመጥ አለበት፤ አስተርጓሚ ደግሞ ከተናጋሪው የበለጠ ይለፋል።

ችሎት ላይ የቆመ አስተርጓሚ

አንድ ችሎት እናስብ። ምስክሩ የሚናገረው በአፋርኛ ነው፤ ዳኛው የሚሠሩት በአማርኛ ነው። መካከል ላይ የቆመው አስተርጓሚ ምስክሩ የተናገረውን አንድ አረፍተ ነገር ይሰማል፣ ትርጉሙን ይይዛል፣ በአማርኛ ይናገራል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ምስክሩ አማርኛ መማር የለበትም። ዳኛውም አፋርኛ መቻል የለባቸውም።

በትንሿ ሣጥን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል፤ የሌላን ማሽን ጸባይ ወስዶ በእሱ ቦታ የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። በምዕራፍ 2 ለኮምፒውተር የሚሰጥ ትእዛዝ ሁሉ ቁጥር መሆኑን፣ እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነትም ቁጥሮቹን በራሱ መንገድ እንደሚተረጉም አይተን ነበር። አሁን በእጅ የሚያዝ ምሳሌ እንውሰድ። የድሮው ኤንኢኤስ ፕሮሰሰር 169 የሚል ቁጥር ሲያገኝ «ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንሥተህ ያዝ» ማለት እንደሆነ ከአሠራሩ ያውቃል። ስለዚህ «169፣ 5» ከተጻፈለት 5ን ይይዛል። አዲሱ ፕሮሰሰር ግን 169ን እንዲያ አያውቀውም፤ ለእሱ ባዕድ ቃል ነው።

ኢሙሌተሩ እዚህ ይገባል። በሜሞሪ ውስጥ «የድሮው ማሽን እጅ» ብሎ የሰየመው ቦታ አለው። 169ን ያነባል፤ መዝገበ ቃላቱን ያያል፤ 5ን ከዚያ ቦታ ላይ ያስቀምጣል፤ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይሄዳል። ለድሮው ማሽን አንዲት ትእዛዝ የነበረችው ለአዲሱ ብዙ ትእዛዝ ሆነች። ይህ ሥራ በየሰከንዱ በመቶ ሺዎች ጊዜ ይደጋገማል። ጨዋታው የሚያናግረው አስተርጓሚ መሆኑን አያውቅም፤ በ1985 ከነበረው ማሽን ጋር እንደሚነጋገር አድርጎ ይሠራል።

ጣቴ ያወቀውም ይኸን ነው። ማሪዮ በምን ፍጥነት እንደሚሮጥ፣ ስንት ከፍታ እንደሚዘል፣ ጉድጓዱ ስንት ነጥብ እንደሚሰፋ የሚወስኑት እነዚያ ቁጥሮች ናቸው። እነሱ አንዲትም ሳትጎድል መጥተዋል።

ቃሉ ትክክል ሆኖ ምቱ ሲያልፍ

ቃሉን በትክክል የሚያውቅ አስተርጓሚ ግን አሁንም ሊሳሳት ይችላል። በምዕራፍ 4 በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ከበሮ የሚመታ ሰዓት እንዳለ ተነጋግረናል። የኤንኢኤስ ፕሮሰሰር በሰከንድ ወደ 1.79 ሚሊዮን ምት ይመታል። «169፣ 5» የምትለው ትእዛዝ 2 ምት ትወስዳለች። ከፕሮሰሰሩ ጎን ደግሞ ሥዕል የሚያወጣ ሌላ ቺፕ አለ፤ በእያንዳንዱ ምት 3 ነጥብ ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ 5ን ሲይዝ ሥዕል አውጪው 6 ነጥብ ተጉዟል። ሁለቱ በአንድ ከበሮ የሚንቀሳቀሱ ተወዛዋዦች ናቸው።

ይህ ጥቃቅን ስሌት ለምን ያሳስበናል? የድሮዎቹ ፕሮግራመሮች ጥበባቸውን የሠሩት በዚሁ ምት ላይ ስለሆነ ነው። ሱፐር ማሪዮን እናስታውስ። ማሪዮ ሲሮጥ ደመናውና ቁጥቋጦው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ላይ ያለው ነጥቡ፣ ሳንቲሙና የቀረው ጊዜ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። ማሽኑ የኋላውን ሥዕል ከፍሎ አንዱን ቁራጭ አቁሞ ሌላውን ማንቀሳቀስ በራሱ አይችልም ነበር። ፕሮግራመሮቹ መላ ፈጠሩ። ከላይ ከሳንቲሙ ቁጥር አጠገብ የምትታየው የሳንቲም ምስል ሥር፣ ከተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ሁሉ የመጀመሪያ ቁጥር የተሰጣትን ሥዕል አኖሩ። ሥዕል አውጪው ቺፕ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ሲሥል እዚያች ሥዕል ላይ ሲደርስ ምልክት ይሰጣል። ያን ምልክት ሲጠብቅ የቆየው ፕሮግራም ወዲያው «ከዚህ በታች ያለውን ግፋው» ይላል። ከበሮው ሲቀየር ተወዛዋዡ በዚያችው ቅጽበት እንደሚቀይር ማለት ነው። ይህ በሰከንድ 60 ጊዜ ይፈጸማል።

ኢሙሌተሩ ቃሉን አውቆ ምቱን ቢስት ምልክቱ ዘግይቶ ወይም ቀድሞ ይመጣል። ያኔ ሥዕሉ ያለቦታው ይሰነጠቃል፤ የላይኛው መስመር ይንቀጠቀጣል። የጥሩ ኢሙሌተር ሥራ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ለሙዚቃ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚንተባተብ ምስክር

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄም አለ። ምስክሩ ሲናገር ቢንተባተብ አስተርጓሚው አስተካክሎ ይናገርለት ወይስ መንተባተቡን ያሳይ?

የኤንኢኤስ ሥዕል አውጪ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችን ማውጣት አይችልም ነበር። ጠላት ሲበዛ ትርፉ አይታይም። ስለዚህ ፕሮግራመሮቹ የሚቀረውን ሥዕል በየተራ ያፈራርቁት ነበር፤ ለዓይን ብልጭ ድርግም የሚል ሆኖ ይታያል። የዛሬ ፕሮሰሰር ሁሉንም ያለ ችግር ማውጣት ይችላል። እንዲሁም ጥይት በበዛባቸው የጠፈር ውጊያ ጨዋታዎች ላይ የድሮው ማሽን ሥራ ሲበዛበት ይንቀራፈፍ ነበር። ተጫዋቹ በዚያች መንቀራፈፍ ውስጥ ትንፋሽ ይስባል፤ በጥይቶቹ መካከል መንገድ ይፈልጋል። ማሽኑን ብናፈጥነው ያቺን ትንፋሽ እንነጥቀዋለን፤ ጨዋታው ሠሪዎቹ ካሰቡት በላይ ከባድ ይሆናል።

እኔ የምስክሩ መንተባተብ መታየት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ዳኛ የሚፈርደው ከቃሉ ብቻ አይደለም፤ ከአነጋገሩም ነው። ጉድለቱ የሥራው አካል ከሆነ ቆይቷል፤ ሰዎች በጉድለቱ ዙሪያ ተምረዋል፣ በጉድለቱ ምክንያት አሸንፈዋል።

ለዚህ ጥንቃቄ ሲባል ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። ኤፍፒጂኤ የሚባል ቺፕ አለ፤ የውስጥ መስመሮቹ አቀማመጥ በትእዛዝ እንደገና የሚደራጅ ነው። በ2018 አናሎግ የተባለ ኩባንያ ያወጣው ሱፐር ኤንቲ የሱፐር ኒንቴንዶን ጸባይ የሚመስለው በዚህ ቺፕ ነው፤ ጥንታዊውን ካሴትም ይጎርሳል። ልዩነቱን በቋንቋ ብናስበው፣ ኢሙሌተር ሰምቶ የሚተረጉም ሰው ነው፤ ኤፍፒጂኤ ደግሞ በዚያ ቋንቋ አፉን እንደፈታ ልጅ ነው። ቢሆንም ልጁ የሚናገረው ያስተማሩትን ነው። መሐንዲሶቹ ስለድሮው ቺፕ ያላወቁትን ነገር ማንኛውም መንገድ ሊያመጣው አይችልም።

ለምን ልብ ትማርካለች

ትንሿ ሣጥን የምትሰጠው ደስታ ከትዝታ ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ጥሩ የታሰበባቸው ነገሮች አሏት።

የመጀመሪያው ማቆም መቻል ነው። ከድሮዎቹ ጨዋታዎች ብዙዎቹ የደረሱበትን ቦታ መዝግቦ ማቆየት አይችሉም ነበር። ስምንተኛው ዓለም ላይ ደርሰን መብራት ሲጠፋ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። አስተርጓሚው ግን የድሮውን ማሽን ሁኔታ በሙሉ በቁጥር ይዞታል፤ እጁ ላይ ያለውን፣ ሥዕሉን፣ ድምፁን። ያን ሁሉ ገልብጦ ማስቀመጥና ነገ እንዳለ መመለስ ይችላል። የኤንኢኤሷ ሣጥን ለእያንዳንዱ ጨዋታ 4 እንዲህ ያሉ ማቆሚያዎች ትሰጣለች። ለሥራ ሰው፣ ለወላጅ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ሁለተኛው ወሰን ያላት መሆኗ ነው። ስልካችን ላይ የጨዋታ ክምችት መጨረሻ የለውም፤ ማስታወቂያ ይገባል፣ ማደሻ ይጠየቃል፣ የይለፍ ቃል ይረሳል። ሣጥኗ ግን ሠላሳ የተመረጡ መጻሕፍት እንዳሉበት መደርደሪያ ናት። ኢንተርኔት አትጠይቅም። ስትከፈት ትከፈታለች፤ ስትዘጋ ትዘጋለች።

ሦስተኛው ሠሪዎቹ የጨመሩት ፍቅር ነው። የሴጋ ሜጋ ድራይቯ ትንሽ ሣጥን ላይ የካሴት ማስገቢያው ክዳን ይከፈታል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያው ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ሁለቱም ምንም ሥራ የላቸውም። እዚያ የተቀመጡት በልጅነቱ እነሱን ሲነካ ለኖረ ጣት ነው። የሱፐር ኒንቴንዶዋ ሣጥን ደግሞ ስታር ፎክስ 2ን ይዛለች። ይህ ጨዋታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ ለገበያ ሳይቀርብ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ነው። ሕዝብ በይፋ ያገኘው በ2017፣ በዚህች ሣጥን በኩል ነው። ደራሲው ጽፎ ጨርሶት ሳይታተም የኖረ መጽሐፍ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲታተም እንደማየት ነው።

አስተርጓሚው ይዞት የማይመጣው

አሁን ወደ ወሰኗ እንምጣ። ችሎቱ ውስጥ የተናገረው ቃል ተተረጎመ እንበል፤ የምስክሩ እጅ፣ የክፍሉ ብርሃን፣ የተቀመጡት ሰዎች አብረው አይተረጎሙም። በጨዋታውም እንዲሁ ነው።

ከመስታወቱ እንጀምር። ያ ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን ሥዕል የሚያወጣው ከኋላው የሚተኮስ የኤሌክትሮን ጨረር መስታወቱን መስመር በመስመር ሲጠርገው ነበር። ነጥቦቹ ጥርት ያሉ አልነበሩም፤ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። ሠዓሊዎቹ ይህን አውቀው ይሥሉ ነበር። በ1991 የወጣው የሴጋ ሶኒክ ላይ ያለው ፏፏቴ የተሣለው በቋሚ ሰንበር መስመሮች ነው። በድሮው ገመድና በድሮው መስታወት ሰንበሮቹ ተዋሕደው፣ ከኋላው ያለውን የሚያሳይ ውኃ ይሆኑ ነበር። በዛሬው ጥርት ባለ ስክሪን ላይ ውኃው ይጠፋና ሰንበሩ ይታያል። በጧፍ ብርሃን እንዲታይ የተሣለን የቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል በኃይለኛ አምፖል ሥር እንደማየት ነው። ቀለሙ ሁሉ አለ፤ የታሰበለት ብርሃን ግን የለም። አንዳንዶቹ ሣጥኖች የድሮውን መስታወት የሚያስመስል ምርጫ ያቀርባሉ፤ እንዲበራ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። የዛሬ ቴሌቪዥን የመጣለትን ሥዕል አሰማምሮ ነው የሚያሳየው፤ ለዚህም ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። የጨዋታው አንድ ሥዕል የሚቆየው የሰከንድ 60ኛ እጅ ነው። ቴሌቪዥኑ ሁለት ሦስት ሥዕል ያህል ቢዘገይ ጣት ይሰማዋል፤ በሰዓቱ የዘለለ ማሪዮ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ብዙ ቴሌቪዥኖች «ጌም ሞድ» የሚል ምርጫ አላቸው፤ ይህን መዘግየት ይቀንሰዋል።

ዳክ ሀንት የተባለው የዳክዬ አደን ጨዋታ ከ30ዎቹ መካከል ያልገባበትን ምክንያት ለማየት የድሮው ጠመንጃ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይበቃል። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለአንዲት ቅጽበት ይጠቁራል፤ ዳክዬዋ በነበረችበት ቦታ ነጭ ሣጥን ይበራል። ጠመንጃው አፈሙዝ ላይ ያለው ብርሃን የሚያይ ዓይን ያን ነጭ ካየ መትተሃል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በድሮው መስታወት ፍጥነት የተሰላ ነው። የዛሬው ስክሪን ይዘገያልና ጠመንጃው ይታወራል። ጨዋታውን መተርጎም ይቻላል፤ ተባባሪው ቴሌቪዥን ግን ሞቷል።

ሦስተኛው እጅ ነው። የመጀመሪያዋ የኤንኢኤስ ትንሽ ሣጥን የመቆጣጠሪያ ገመድ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ተጫዋቹን ከሶፋው አስነሥቶ ቴሌቪዥኑ ሥር ያስቀምጠዋል። ኮሞዶር 64 ደግሞ ከጨዋታም በላይ ሰዎች ፕሮግራም መጻፍ የተማሩበት ኮምፒውተር ነበር። የትንሿ ሣጥን የፊደል ቁልፎች ግን ለመልክ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ለመጻፍ ሌላ ኪቦርድ መሰካት ያስፈልጋል።

እግር ኳስ የሌለበት መደርደሪያ

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ያደገ ሰው ፕሌይስቴሽንን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ሳሎን አይደለም፤ ከፕሌይስቴሽን ቤት ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በጨዋታ የሚከፈል ሳንቲም፣ ተሸናፊ ይነሳና ቀጣዩ ይቀመጥ። የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፤ የሚያዩት ግን አሥር። እዚያ ቤት ውስጥ ንጉሡ እግር ኳስ ነበር።

በዲሴምበር 2018 የወጣችው የፕሌይስቴሽን ትንሽ ሣጥን 20 ጨዋታዎች አሏት፤ አንድም እግር ኳስ የለባትም። ቴክን 3 አለ፤ እግር ኳስ የለም። ምክንያቱ ከቴክኒክ ይልቅ ከሕግ ጋር የተያያዘ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ የክለብ ስም፣ የተጫዋች ስምና መልክ፣ ሙዚቃም ጭምር ይይዛል። ለእያንዳንዱ የተሰጠው ፈቃድ ለተወሰነ ዘመን ነው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ጨዋታውን እንደገና ለመሸጥ ሁሉንም እንደገና መዋዋል ያስፈልጋል። የእውነተኛ መኪና ስም የያዙ የእሽቅድምድም ጨዋታዎችም ይኸው ዕጣ አላቸው። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የምናገኘው የተወደደውን ሁሉ አይደለም፤ ከተወደደው መካከል ፈቃዱ የተገኘውን ነው።

ይህች ሣጥን ሌላም ትምህርት ሰጥታለች። በአውሮፓ የድሮው ቴሌቪዥን በሰከንድ 50 ሥዕል ያሳይ ነበር፤ በአሜሪካና በጃፓን 60። እኛም አገር የነበረው ሥርዓት የ50ው ነው። ብዙ ጨዋታዎች ለአውሮፓ ሲዘጋጁ በትክክል ሳይስተካከሉ፣ ፍጥነታቸው በስድስተኛ እጅ ቀንሶ ይቀርቡ ነበር። ሣጥኗ ስትወጣ ከጨዋታዎቿ የተወሰኑት፣ ቴክን 3ም ጭምር፣ ይህን የ50 እትም ይዘው ለአሜሪካ ገበያ ቀረቡ፤ በ60 ያደጉ ተጫዋቾች ጣታቸው ወዲያው ልዩነቱን አወቀ። በ100 ዶላር የተጀመረው ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ወደ 60 ወረደ። ከሴጋዋ ሣጥን ጋር ስናነጻጽራት ልዩነቱ ይጎላል። ሴጋ ሥራውን የሰጠው ኤምቱ ለተባለ፣ አሮጌ ጨዋታዎችን በመመለስ ለታወቀ የጃፓን ቡድን ነበር፤ የሣጥኗን ቋንቋ ወደ ጃፓንኛ ሲቀይሩት የጨዋታዎቹ የጃፓን እትሞች ይመጣሉ። ሁለቱም ኩባንያዎች የሸጡት ትንሽ ሣጥን ነው፤ የለያቸው ለአስተርጓሚው የሰጡት ክብር ነው።

ከመደርደሪያው ውጭ የቀረው ግን እጅግ ብዙ ነው። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክን ለመጠበቅ የተቋቋመ አንድ የአሜሪካ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በዚያን ጊዜ በገበያ ላይ አይገኙም ነበር። ሣጥኖቹ የሚያድኑት ታዋቂውን ነው፤ ታዋቂው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ የመጥፋት ስጋት ያለበት ነው።

ብራና፣ ካሴት፣ ፍሎፒ

የአምስት መቶ ዓመት ብራና ብርሃንና ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ካገኘ ዛሬም ይነበባል። የአርባ ዓመት ካሴት ግን ማሽኑ ከሞተ ዝም ይላል። በዲጂታል የተጻፈ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ በመካከል የሚቆም ማሽን ይፈልጋል፤ ማሽኑ ሲያረጅ ደግሞ አስተርጓሚ ይፈልጋል።

እኛም ይህ ዕዳ አለብን። በምዕራፍ 3 ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ቁጥር መሆኑን አይተናል። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ በሆነው የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ አንዱ «ለ» ያለበትን ቁጥር ሌላው «መ» ሊለው ይችላል። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ያን ጽሑፍ ሲከፍት የሚያሳየው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው። የስንት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የስንት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የስንት ደራሲ ረቂቅ በዚህ መልክ ተቀምጧል።

አባቴ ከማረፉ በፊት የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ በኮምፒውተር አስተይቦ በአንዲት ፍሎፒ አስቀምጦ ነበር። ከዓመታት በኋላ ስከፍተው ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ሆነብኝ። በጊዜው የነበረውን ፎንት የፊደል ሰንጠረዥ ፈልጌ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ከዛሬው ፊደል ጋር አገናኘሁ፤ 169ን «ያዝ» ብሎ እንደሚያነበው ኢሙሌተር መሆኔ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ከላይኛው መስመር ላይ የአያቴ ስም ወጣ። ጥቂት ፊደላት ግን በሰንጠረዡ ላይ አላገኘኋቸውም፤ በነሱ ቦታ ባዶ ትንንሽ ሣጥኖች ቀሩ።

የእህቴ ልጅ ገጹን ሲያይ ሣጥኖቹን በግምት እንድሞላቸው ሐሳብ አቀረበልኝ። እምቢ አልኩት። ያኔ ነው ለቆየው ጥያቄው የተስተካከለውን መልስ የሰጠሁት። ማሪዮ የሚሮጥበት ቁጥር ራሱ ነው፤ ያነበበልን ግን አስተርጓሚ ነው፤ መስታወቱና የጎረቤቴ ሳሎን በቁጥር ስላልተጻፉ አልመጡም። ጥሩ አስተርጓሚ የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ያልሰማውን ደግሞ «አልሰማሁም» ይላል። ከአያቴ ስም ቀጥሎ ያሉት ሦስት ሣጥኖች እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው፤ አክስቴ ስትመጣ እጠይቃታለሁ።